አንድ ሰው የጎደለው ሰልፍ

ኅዳር 8 ቀን 1970 ዓ.ም. ከሰንበሌጥ ከተማ ኳስ ሜዳ የወጣው ሰልፍ እስካሁን አልተበተነም። ሰልፈኞቹ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በመድኃኒት ቤቱ በኩል ብቅ ይሉና አራት አራት ሆነው ዋናውን መንገድ ይወርዳሉ፤ በኳስ ሜዳው በር አልፈው፣ የአንጓን ድልድይ ተሻግረው ከባሕር ዛፉ ኋላ ይሰወራሉ። የቀሩትን ስድስት ቀናት የት እንደሚውሉ ለማወቅ አንድ የከብት ሐኪም በ1985 ተከትሏቸው ነበር። ተራራውን፣ የድሮውን አውሮፕላን ማረፊያና የችግኝ ጣቢያውን ዞረው እንደሚመጡ፣ ከዚያ ሌላ ምንም እንዳላየ ተናግሯል። እሱን ግን እግሩን አንድ ወር ሙሉ አሞት ነበር።

ሰልፈኞቹ አላረጁም። የሚያልቀው ጫማቸው ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ዘመዶቻቸው ኮንጎ ጫማ፣ ዳቦና ውሃ ይዘው መንገድ ዳር ይቆማሉ። የሚራመድን ሰው ሳያስቆሙ ጫማ መቀየር ሙያ ነው፤ የሰንበሌጥ ሰው ይህን ሙያ ከልጅነቱ ይማረዋል። ባጃጆች ሰልፉ እስኪያልፍ ሞተር ያጠፋሉ። ሰርግ ለሐሙስ አይቀጠርም።

የያዙት መፈክር የመጀመሪያው ክረምት ላይ ታጥቦ ነጭ አቡጀዲ ብቻ ቀረ። መንግሥት ሲለወጥ አዲሶቹ ሹሞች ሰልፉን ሲያዩ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ጨርቁ ባዶ መሆኑን ሲያዩ ግን ተረጋጉና የራሳቸውን ጻፉበት። እሱንም ዝናብ አጠበው። ከዚያ ወዲህ አንድ በዓል ሐሙስ ላይ ከዋለ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ከታዳሚው ጋር ተደምረው ሪፖርት ይላካል። ሰልፈኞቹ በዚህ ላይ ቅሬታ አቅርበው አያውቁም።

ወይዘሮ ትርፌ ሞላ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ወይዘሮ የሻረግ ተሰማ በሰልፉ ሦስተኛ ረድፍ፣ በቀኝ ጫፍ ትሄዳለች፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትርፌ ይህን እንደ ችግር አታየውም። እኩዮቿ እናቶቻቸውን ቀብረው ተዝካር አውጥተዋል፤ እሷ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለግማሽ ሰዓት፣ እናት አላት። ይህችን ግማሽ ሰዓት በምንም አትለውጣትም።

አንድ ማክሰኞ የከተማው ባህል ቢሮ ባልደረባ ፋንታሁን ይርዳው ቤቷ መጣ። አርባ አራት ዓመቱ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። የከተማዋን መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ የሰንበሌጥን ሰልፎችና ሕዝባዊ ስብሰባዎች አጭር ታሪክ እየጻፈ ነበር። ሥራውን ይወደዋል። የቧንቧ ውሃ የገባ ዕለት ሴቶቹ እንስራቸውን ገልብጠው ተሸክመው እንደተሰለፉ፣ ተንቀሳቃሽ ሲኒማውን ሊቀበል የወጣው ሕዝብ መኪናው ሳይመጣ ሲቀር ለራሱ አጨብጭቦ እንደተመለሰ፣ የኳስ ቡድኑ ሁለተኛ የወጣ ጊዜ ዋንጫ ስላልነበረ በረኛውን ተሸክመው ከተማውን እንደዞሩ፣ ሁሉንም አጣርቶ ጽፏል። ለእያንዳንዱ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት አለው። የሰባተኛው ምዕራፍ ማብቂያ ብቻ ባዶ ነው።

«እትዬ ትርፌ፣ የዚያን ዕለት ስም ጠሪዋ እርስዎ ነበሩ ይባላል» አላት።

«ነበርኩ።»

«መዝገቡ ተቃጥሏል ይላሉ።»

«አልተቃጠለም። እኔ ጋ ነው።»

ከሣጥን አውጥታ ሰጠችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መዝገቡም ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱንም ስም ከነምልክቱ እንደያዘ ነበር። ፋንታሁን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። መቶ አሥራ አራተኛው ላይ ቆመ። ስሙ ተፈግፍጎ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዝናብ ነካው።»

«የላዩንም የታቹንም አልነካም።»

«አዎ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ግን ፋንታሁን የመጣው ሰው ሊያሳፍር አልነበረም። መዝገቡን ዘግቶ በጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«የአንጓ ድልድይ ይፈርሳል» አላት። «የዚህ ሳምንት ሐሙስ ይሻገራሉ። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስም ይሻገራሉ። በማግስቱ ዓርብ ማፍረሻው ይገባል። አዲሱ ሁለት ዓመት ይፈጃል።»

«በሌላ በኩል አይሄዱም?»

«ተነጋግረንበታል። ገመድ ይዘረጋል፣ ቀይ ባንዲራ ይተከላል። ግን ለቧንቧው የተቆፈረ ጊዜ የሆነውን ያውቃሉ።»

ታውቃለች። ያን ጊዜ ሰልፉ ዘወር አላለም። የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፣ ተከታዮቹ አራት በላያቸው ረግጠው አለፉ። ጉድጓዱ ጉልበት ድረስ ነበርና ሁሉም በኋላ ተነስተው ተከተሉ። ከአንጓ ድልድይ እስከ ታች ወንዙ ድረስ ግን ስልሳ ሜትር ነው።

ፋንታሁን ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆም አለ። «ኋላ ላይ ከበሮ የያዘው አጎቴ ነው» አለ። «አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ለልጆቼ ይሄ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው ብዬ ሳሳያቸው ይስቃሉ። እንዲሁ እየሳቁ ቢያድጉ ደስ ይለኝ ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያ ዘመን ቀበሌው ሰልፍ ሲጠራ ስም ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ ሲወጡና ሲመለሱ። ያልተገኘ ሰው ቤተሰቡ ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና አያገኝም። ስም ጠሪ ከሜዳው በር አይንቀሳቀስም፤ ሰልፉ ከተማውን ዞሮ እስኪመጣ መዝገቡን ይዞ እዚያው ይጠብቃል። ትርፌ ሃያ ዓመቷ ነበር። የተመረጠችው ጽሕፈቷ ስለሚያምር ነው።

የዚያን ሐሙስ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሸራ የለበሱ ሁለት የጭነት መኪኖች ቆመው ነበር። ሁለተኛው ስም ጥሪ ሲያበቃ ወጣቶቹ በእነሱ ተጭነው ወደ ጦር ግንባር እንደሚሄዱ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተናገረም። የሻረግ ዝም አላለችም፣ ማለትም በአፏ ዝም ብላ በእጇ ሠራች። አሥራ ሰባት ዓመት የሆነውን ልጇን ልሳኑን ማለዳ ከጨው ነጋዴዎች ጋር አድርጋ ወደ አክስቱ አገር ሸኘችውና ራሷ መጥታ ተሰለፈች። ትርፌ ከደብተሩ ላይ የወንድሟ ስም ጋ ስትደርስ በለሆሳስ ጠራችው፣ በለሆሳስ «አለ» ብላ ራሷ መለሰች፣ ምልክትም አደረገች።

ሲመለሱ ግን ሊቀመንበሩ ጓድ ተካልኝ ሰዉን ራሱ ቆጠረ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። መዝገቡ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ይላል።

«የጎደለው ማነው?» አላት።

እውነቱን ብትናገር እናቷ ትታሰራለች። ትርፌ አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ መቶ አሥራ አራተኛውን ስም አሸችው። «ስሙ በዝናብ ጠፍቷል» አለች። ዝናብ አልዘነበም ነበር። ጓድ ተካልኝ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ ከመዝገብ ጋር የሚጣላ ሰው አልነበረምና ተቀበለ።

«ሙሉ ሳንሆን አንበተንም» አለ። «ዞረን እንፈልገው።»

ሰልፉም ስሙን የማያውቀውን ሰው ሊፈልግ ተመልሶ ወጣ። መኪኖቹ ሦስት ቀን ጠብቀው ባዷቸውን ሄዱ። ከጎረቤቱ ቀበሌ አርባ ወጣት ዘምቶ አሥራ አንድ ተመለሰ። ከዚህኛው የዘመተ የለም፤ ሁሉም በመራመድ ላይ ናቸው። ስለዚህ የሰንበሌጥ እናቶች በሰልፉ ላይ ብዙ አያማርሩም ነበር። ልጃቸውን ሐሙስ ሐሙስ ያዩታል፤ ሌላው ያንንም አላገኘም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የትርፌ ግን አልቀለለም። መንግሥት ሲለወጥ ልሳኑ ሠላሳ ዓመት ሆኖት፣ ልብስ ስፌት ተምሮ ተመለሰ። የዚያኑ ሳምንት ሐሙስ እናቱን ሊሳለም ሲወጣ ትርፌ በሩ ላይ ያዘችው። «አታይህ» አለችው። «ካየችህ ተይዘህ የመጣህ ይመስላትና ልቧ ይቆማል።» ልሳኑ እህቱን ያምናል። ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ከፈተ፣ ሐሙስ ሲሆን መስኮቱን ዘግቶ ይሰፋል።

እሷ የፈራችው ሌላ ነው። ልሳኑ ከተቆጠረ ሰልፉ ይሞላል፤ ሰልፉ ከሞላ ይበተናል። ይህን ያህል ዘመን ሲራመድ የኖረ ሰው ሲቆም ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? እንዝርት የማይወድቀው እየዞረ እስካለ ድረስ ነው። ትርፌ ይህንን እያሰበች ሠላሳ አራት ዓመት ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ መድኃኒት ቤቱ ጋ ቆመች። ጓድ ተካልኝ የድምፅ ማጉያውን ይዞ ከፊት አለፈ፤ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። ሦስተኛው ረድፍ ሲደርስ ትርፌ ከእናቷ ጎን ገብታ እርምጃዋን አስተካከለች።

«ደህና አደርሽ እማ።»

«ደህና አደርሽ ልጄ። ልሳኑ ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«አክስቱ ተቀበለችው?»

«ተቀብላዋለች።»

«እሰይ። እሰይ» አለች የሻረግ። ለእሷ ልጇን የሸኘችው ዛሬ ማለዳ ነው፤ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ዛሬ ማለዳ ነው። የትርፌን ሽበት ታያለች፣ ግን ከሌላ ነገር ጋር አታያይዘውም። «ፀጉርሽን ምን ነካው?»

«አቧራ ነው እማ።»

ትርፌ ጎንበስ ብላ የቀኝ ጫማዋን በአንድ እርምጃ፣ የግራውን በሁለተኛው ቀየረችላት። ውሃ ሰጠቻት። የሻረግ ጠጥታ ብርጭቆውን መለሰችና፣ ከዚያ በፊት ብላ የማታውቀውን ነገር ተናገረች።

«ትርፌ፣ እግሬ ዝሏል።»

ትርፌ ብርጭቆውን በነጠላዋ ጠቅልላ እርምጃዋን ቀጠለች።

«ይሄን ሰው መቼ ነው የምናገኘው?» አለች የሻረግ። «እኔስ ይሁን፣ የመጣሁት ወድጄ ነው። እናቱ ናት የምታሳዝነኝ። የት ገባ ብላ ስንት ቦታ ትመለከት ይሆን? እንደኔ ደረሰልሽ የሚላት ባታገኝስ?»

ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ትርፌ እንደ ወትሮው ከሰልፉ ወጣች። መሄጃዋ ቤቷ ነበር። እግሯ ግን ወደ ልሳኑ ሱቅ ይዟት ሄደ።

ልሳኑ የአንድ ፖሊስ ሱሪ እያጠበበ ነበር። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ራሰ በራ ነው፣ ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም። እህቱ ስትገባ በርጩማ በእግሩ ገፋላት።

«ደህና ናት?» አላት።

«ደከመኝ አለች።»

የስፌት መኪናው ቆመ። «ብላ አታውቅም።»

«አታውቅም። ልሳኑ፣ የሚፈልጉት ሰው አንተ ነህ።»

ልሳኑ ክሩን በጥርሱ ቆረጠ። ሱሪውን አጠፈ። የሰው ልብስ ስለሆነ በጥንቃቄ ነው ያጠፈው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።» ሁሉንም ነገረችው፤ አውራ ጣቷን፣ ምራቋን፣ ያልዘነበውን ዝናብ።

«እሱስ እማን ለማዳን ነው» አለ። «ከተመለስኩ በኋላ ግን? ሠላሳ አራት ዓመት ከዚች መስኮት ኋላ ተቀምጬ የእግሯን ድምፅ ከሁለት መቶ ሰው እግር ለይቼ ነው የምሰማው። ስንት ጊዜ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ መሰለሽ? ልቧ ይቆማል ብለሽ።»

«ዋሽቼህ ነው።»

«ለምን?»

«እንዳላጣት።»

«እኔስ?»

ትርፌ አለቀሰች። ስለዚህ ጥያቄ አስባ አታውቅም ነበር፤ ያስለቀሳትም ይኸው ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ወንድሟን ስታድን የኖረች ሲመስላት እናቱን ስትከለክለው ኖራለች። ልሳኑ ጥቂት አየት አደረጋትና ከተቆረጠው ጨርቅ ንጹሑን መርጦ እንባዋን እንድትጠርግ ሰጣት።

«ብመጣና ብቆጠር ምን ይሆናሉ?»

«አላውቅም።»

«እኔስ ምን እሆናለሁ?»

«እሱንም አላውቅም። ስምህ አንዴ ከተጠራ አንተም ከሰልፉ ነህ።»

«ድልድዩ መቼ ነው የሚፈርሰው?»

«ካሁኑ ሐሙስ ሌላ አንድ ሐሙስ ነው የቀራቸው። በማግስቱ።»

ልሳኑ አሰበ። «እንግዲያው ግራጫውን ሱፍ ልተኩሰው» አለ።

በሳምንቱ ሐሙስ የሰንበሌጥ ሰው ከወትሮው ቀድሞ ወጣ። ፋንታሁን ትርፌ ያማከረችውን ለማንም አልነገረም ነበር፤ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ብቻ አምጥቶ ኳስ ሜዳው በር ላይ አስቀመጠ። ጠረጴዛው በቂ ሆነ። ሰልፉ ሊደርስ ሲል ትርፌ መዝገቡን ከፍታ ቆመች። ስሙን መጻፊያ እስክሪብቶ ከጎኗ ነበር። መቶ አሥራ አራተኛውን መስመር በዚያው በሚያምር ጽሕፈቷ እንደገና ጻፈችው።

«ስም ይጠራል» አለች ጓድ ተካልኝ ፊቷ ሲደርስ።

ጓድ ተካልኝ እጁን አነሳ። ሰልፉ ቆመ። ከሰልፉ ጋር ያደጉ ሰዎች ያን ያህል ጸጥታ ሰምተው አያውቁም ነበርና አንዳንዶቹ ጆሯቸውን ያዙ። አቧራው ቀስ ብሎ በሰልፈኞቹ ትከሻ ላይ አረፈ።

«ተገኘ?» አላት።

«ተገኝቷል ጓድ።»

መጥራት ጀመረች። የተጠራው ሁሉ «አለሁ» ይላል፤ አንድ «አለሁ» በተሰማ ቁጥር ከመንገድ ዳር አንድ ሰው ልቡ ይነካል፣ ወይ ሽማግሌ ልጅ ነው ወይ አሮጊት እህት። ከበሮ መቺው ሲጠራ ፋንታሁን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መቶ አሥራ ሦስተኛው መለሰ። ትርፌ ትንፋሽ ወሰደች።

«ልሳኑ ሞላ።»

የሻረግ ስሙን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ልጇን የያዙት መሰላት።

«አለሁ» አለ ልሳኑ።

ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ ከእናቱ ጎን ቆሞ ነበር። መቼ እንደገባ ያየ የለም። ግራጫ ሱፍ ለብሷል፣ ሜትሩን ከአንገቱ ማውለቅ ረስቶታል። የሻረግ ዞር ብላ አየችው። ከእሷ በሃያ አምስት ዓመት ይበልጣል።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማ።»

«አልደረስክም እንዴ?»

«ደርሼ ተመለስኩ።»

የሻረግ እጇን ዘርግታ ራሰ በራውን ዳሰሰችው፤ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ግንባሩን በመዳፏ ለካችው። ትኩሳት አልነበረውም። «ጎሽ» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ጠረጴዛው ዞረችና ልጇን ትርፌን አየቻት። ስትዞር የኖረችው ማንን ፍለጋ እንደሆነ፣ የምታዝንላት እናት ማን እንደሆነች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት።

«ስኳሩ እንዳይቀርብን ብለሽ ነው?» አለቻት።

«እንዳትታሰሪ ብዬ ነው እማ።»

የሻረግ ረጅም ጊዜ አየቻት። ትርፌ በዕድሜዋ ያን ያህል የፈራችው ዓይን የለም። ስልሳ ሰባት ዓመት የሞላት ሴት፣ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እናቷ እስክትቆጣት ትጠብቅ ነበር።

«በይ የቀሩትን ጥሪ» አለች የሻረግ። «ሰው ቆሟል።»

ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛው ስም ሲጠራ ጓድ ተካልኝ ከፊት እስከ ኋላ ሄዶ ቆጠረ፣ ከኋላ እስከ ፊት ተመልሶ ቆጠረ። «ሙሉ ነን» አለ። «ሰልፉ ተበትኗል።»

የወደቀ የለም። በአንዴ ያረጀም የለም። አቡጀዲውን ጠቅልለው ከአጥሩ ሥር አስቀመጡ፣ ተሳሳሙ፣ እየተሰነባበቱ ወደየቤታቸው ሄዱ። ቤቱ ባንክ የሆነበት ሰው ባንኩ ገብቶ ተቀመጠ፤ ዘበኛው ውሃ አመጣለት። ቤታቸው ውስጥ ሌላ ቤተሰብ ያገኙትን የቤቱ ሰዎች ፈቀቅ ብለው አስገቧቸው። ከበሮ መቺው ወደ ፋንታሁን ሄደና፣ ከሰው ሁሉ እሱን ለምን እንደመረጠ ሳይናገር፣ «እስቲ ያዝልኝ» ብሎ ከበሮውን ሰጠው። ፋንታሁን ከበሮውን በብብቱ ይዞ ሰዓቱን ተመለከተ፤ በሰባተኛው ምዕራፍ ባዶ ቦታ ላይ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ብሎ ጻፈ።

የሻረግ በሁለቱ ልጆቿ መካከል ሆና ቤቷ ገባች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ሽሮ ቀረበላት፣ ሦስት ጊዜ ጎረሰች፣ ለትርፌም አጎረሰቻት። ያን ጊዜ ትርፌ ይቅር እንደተባለች አወቀች። ልሳኑ ከጎኗ ሆኖ ምንም አልበላም፤ እያያት ብቻ ነበር። ከምሳ በኋላ የሻረግ «ትንሽ ጋደም ልበል» አለችና አልጋው ላይ ተኛች። ትርፌ ጋቢ አለበሰቻት። እጇን አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ቆየች፤ ትተነፍሳለች፣ ሞቅ ያለ፣ እኩል እኩል የሚሄድ ትንፋሽ። ዓይኗን ጨፍና የተኛች እናቷን ካየች አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። እንዴት ደስ እንዳላት ለመንገር ወደ ልሳኑ ዞረች፣ እሱም ያለቅስ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች መንጫጫት ጀመሩ። ጸጥ ይላሉ፣ ይንጫጫሉ፣ ጸጥ ይላሉ፣ ይንጫጫሉ። ትርፌ ጋቢውን ከግርጌ በኩል ገለጠችው። የእናቷ እግሮች ይራመዱ ነበር። ፊቷ ተኝቷል፣ እጆቿ ተኝተዋል፤ እግሮቿ ግን ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ይላሉ። ከጎረቤትም የብርጭቆ ድምፅ መጣ፣ ከጎረቤቱም ጎረቤት፣ ከማዶም። በሰንበሌጥ ከተማ የተኙት እግሮች ሁሉ እኩል ይነሱ፣ እኩል ያርፉ ነበር።

ሁለቱም በርጩማቸውን አልጋው ግርጌ አስጠጉ። ትርፌ ቀኝ እግሯን፣ ልሳኑ ግራ እግሯን ይዘው በመዳፋቸው ያሹ ጀመር። እግሩ አልቆመም፤ እጃቸውን ይዞት ይወጣል፣ ይዞት ይወርዳል።

«ሲደክመው ይተዋታል» አለ ልሳኑ።

«ይተዋታል» አለች ትርፌ።

ከዚያ አቀርቅራ ነበርና አየች። ከበርጩማው ሥር የልሳኑ ጫማ ተረከዙን እያነሳ ያስቀምጥ ነበር፤ ግራ፣ ቀኝ። እሱ አላወቀም፤ ዓይኑ የእናቱ እግር ላይ ነው። ትርፌ ጠጋ አለችና ሁለት እግሮቿን በወንድሟ ሁለት እግሮች ላይ ጭና፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ተጫነቻቸው።